የዝምታው ደራሲና አምስት ኪሎ ገብስ

ከፉሪ እስከ ተጂ ማንበብ የሚችል ሁሉ፣ የማይችለውም በስማ በለው፣ ደራሲ ውብአየሁን ያውቃል። ስለ ዝምታ የጻፋቸውን ሦስት መጻሕፍት ያነበበ ሰው ለወር ያህል ሲያስነጥሰው እንኳ ይቅርታ ይጠይቃል። አንድ የሰበታ ሹፌር ሁለተኛውን አንብቦ ሲጨርስ የመኪናውን ጥሩንባ አስነቅሏል ይባላል፤ ባያስነቅልም ሊያስነቅል ይገባው ነበር።

ፉሪ ዳገት ላይ ያለው መኖሪያው «የዝምታ ቤት» ነው የሚባለው። በሩ ደወል የለውም። የግድግዳው ሰዓት ቀጭ ቀጭ እንዳይል ባትሪው ወጥቶለታል። ባለቤቱ ሉሲ አስራ አምስት ዓመት ሙሉ በካልሲ ነው የሄደችው። የጎረቤት አውራ ዶሮ እንኳ በውድ እየተገዛ ይታረዳል፤ ጎረቤትየው ኦቦ ዲሪርሳም ነገሩ ገብቶት ከመንደሩ ሁሉ ጮክ ብሎ የሚጮኸውን ዘር እየመረጠ ማርባት ጀምሯል።

የውብአየሁ ጣጣ አንድ ብቻ ነበር፤ በዝምታ ውስጥ አንዲት ፊደል መጻፍ አይችልም። ጸጥ ሲል እጁ ይደርቃል፤ የገዛ ሆዱ ጩኸት ይሰማዋል፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር ማሰብ የለም። ሦስቱንም መጻሕፍት የጻፈው ዓለም ገና ከተማ፣ እትዬ ጠይባ ወፍጮ ቤት ውስጥ፣ ሞተሩ እያጓራ፣ ከከረጢቶች ጀርባ ተቀምጦ ነው። ይህን ተሰጥኦውን ያገኘው ሉሲ ታማ እህል ሊያስፈጭ የሄደ ቀን ነበር፤ ተራው እስኪደርስ ባንድ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ አርባ ገጽ ጽፎ ተነሳ።

ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን «ወጨጫ ተራራ ወጥቼ ከዝምታ ጋር ልነጋገር» ይልና፣ አምስት ኪሎ ገብስ አንጠልጥሎ ባጃጅ ይሳፈራል። ገብሱ ሽፋን ነው። የወፍጮ ቤቱ ሴቶች «ጋሽ በሶ» ይሉታል፤ ሚስቱ የምታዘው ምስኪን መስሏቸው ያዝኑለታል። ያው አንድ ገብስ ደግሞ ደጋግሞ ከመፈጨቱ የተነሳ፣ ሦስተኛው መጽሐፍ ሲያልቅ ዱቄት መሆኑ ቀርቶ ጭስ ሆኖ ነበር።

ዘንድሮ አራተኛው መጽሐፍ ደረሰ። ማተሚያ ቤቱ የሚጠብቀው የመጨረሻውን ምዕራፍ ብቻ ነው። አሳታሚው ወንዲ ቅዳሜ ረፋድ ከአንዲት የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ጋር ፉሪ መጥቶ፣ ምዕራፉን ከደራሲው እጅ በዝምታ ሊቀበል ቀጠሮ ይዟል። ውብአየሁ ኮምፒውተር «ይንጫጫል» ብሎ ስለማይነካ፣ ያለችው ቅጂ በእጁ የጻፋት ብቻ ናት።

ሐሙስ ዕለት፣ በዓል ሊገባ ሲል ነውና ወፍጮ ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ፣ ውብአየሁ ሠላሳ አንደኛዋን የመጨረሻ ገጽ ጽፎ አራት ነጥብ እንዳሳረፈ ስልኩ ጠራ። ወረቀቱን ገብሱ ላይ ጥሎ፣ ሞተሩ እንዳይሰማ እስከ አስፋልቱ ሮጠ።

«ምንድነው የሚጮኸው?» አለ ወንዲ።

«ንፋስ ነው። ተራራው ላይ ነኝ።»

«ንፋሱ ‹ሰበታ! ሰበታ! አንድ ሰው!› ይላል እንዴ?»

«የገደል ማሚቶ ነው።»

ወንዲ ስለ ቅዳሜው ሥነ ሥርዓት ሦስት ሰዓት አወራ። ውብአየሁ ሲመለስ መብራት ጠፍቷል፤ ወረቀቱም ጠፍቷል።

እዚያ ወፍጮ ቤት ተራ የሚያዘው በወረቀት ነው። ቁጥር ይጻፍበትና ከረጢቱ አፍ ላይ ይሰካል፤ እህሉ ሳይፈጭ አይነቀልም፤ ከተፈጨ በኋላም ዱቄት እንዳይቀያየር ከከረጢቱ ጋር ቤት ድረስ ይሄዳል። ያን ቀን ወረቀት አልቆ ነበር።

«ባንድ ፊቱ ተጽፎበት ሳየው ያለቀለት መሰለኝ፣ ጋሽ በሶ» አለ ፈጪው ፈሀድ፣ ሽበታም ጢሙን እያራገፈ። «ጀርባው ንጹህ ነው። ቁጥሩ ቆንጆ ሆኖ ታየ።»

ሠላሳ ገጽ ከሠላሳ ከረጢት ጋር ወደየቤቱ ሄዷል። ውብአየሁ ሐሙስንና ዓርብን በር ሲያንኳኳ ዋለ። የምን ወረቀት ነው ሲሉት «የቦታ ካርታ ጉዳይ ነው» ይላል፤ በዚያ አገር ለካርታ የማያዝን የለም። አንዷ ብቻ፣ ሬሐና የምትባል ባለ ሱቅ፣ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው።

«‹ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ› ይላል። ማናት እሷ?»

«ወሰንተኛዬ ናት።»

«ከወሰንተኛህ ጋርማ እዚህ ከደረስክ ምን ያካስስሃል?» ብላ ሰጠችው።

ቀረች ሠላሳ አንደኛዋ። እሷ ደግሞ እዚያው ወፍጮ ቤት፣ ከተጂ በመጣችው በድንቅቱ ጤፍ ላይ እንደተሰካች መብራት ትጠብቃለች።

«እትዬ ጠይባ፣ ቁጥሩን በሌላ ወረቀት ልጻፍላት።»

«ባለፈው በዓል እንዲህ ብለው ሦስት ሰዎች ተራ አጭበርብረውኛል። ለእናቴም አልነቅልም።»

«ምዕራፌ ነው!» የሚለው ምላሱ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ። «ካርታዬ ነው እኮ!»

«መሬቱ የት ይሄድብሃል?»

ወደ ድንቅቱ ዞረ። «ማል ጄታ? ምን ትላለህ?» አለች፤ «ከተጂ ድረስ መጥቼ ተራዬን ላስረክብ? ሞኝህን ፈልግ!»

ቅዳሜ ከንጋት ጀምሮ ከረጢቱ ሥር ተቀመጠ። መብራት የመጣው አራት ሰዓት ላይ፣ ልክ ወንዲ ፉሪ ሲደርስ ነው። በሩን የከፈተችው ሉሲ፣ ዓመታት ሙሉ ከልብሱ ላይ ያራገፈችውን ዱቄት ለአንድ አፍታ አሰበች። ከዚያ «ዓለም ገና፣ ወፍጮ ቤት ነው» ብላ መንገዱን አሳየቻቸውና፣ በአስራ አምስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን በኃይል ወረወረችው።

ካሜራው ሲገባ ውብአየሁ ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ነጭ ሆኖ፣ ወረቀቷን በሁለት እጁ ሲቀበል አገኘው። ሴቶቹ «የጋሽ በሶ ካርታ ተገኘ!» ብለው እልል አሉ። ወንዲ ጮኸ፤ ጋዜጠኛዋ ሰዓዲያ ማይኩን አፉ ላይ ደቀነች። አለቀልኝ ብሎ እውነቱን አወጣው፤ ዝምታ እንደሚያስፈራው፣ ወጨጫን ረግጦት እንደማያውቅ፣ የዶሮዎቹን ነገር ሳይቀር። ሞተሩ ሁሉንም ዋጠው። አንድም ሰው አልሰማም።

ማታ ሰዓዲያ በቴሌቪዥን «ታላቁ ደራሲ በጩኸት መሃል ተቀምጠው፣ ከንፈራቸውን ብቻ በማንቀሳቀስ የዝምታን የመጨረሻ ምሥጢር ገለጹ» አለች። አገር ጸጥ አለ።

ሰኞ ውብአየሁ ገብሱን ጥሎ፣ ወረቀቱን በግላጭ ይዞ፣ እያፏጨ ሄደ። መደበቅ ቀረ! አምስተኛው መጽሐፍ ጣቶቹ ላይ ደርሷል። የወፍጮ ቤቱ ደጅ ላይ ከአዲስ አበባ የመጡ አድናቂዎች ጫማቸውን አውልቀው ተኮልኩለዋል። ከከረጢቶቹ ጀርባ ያለው ቦታው ተጠርጎ ወንበር ገብቶለታል። እትዬ ጠይባ አጎንብሳ ተቀበለችው።

«ይቅር ይበሉኝ» አለች፣ ዕድሜ ልኳን አንተ ስትለው የኖረችው ሴት አንቱ ብላ። «ያን ሁሉ ዓመት ሳስጮህብዎት! ከእንግዲህ እርስዎ ሲጽፉ ዝንብ አትበርም።»

ለፈሀድ በእጇ ምልክት ሰጠችው። ፈሀድ ሞተሩን አጠፋ።

ሴቶቹ እህላቸውን ተሸክመው በእግር ጣታቸው ወጡ። ውብአየሁ እስክሪብቶውን አነሳ። ደጅ ያለው ሕዝብ ትንፋሹን ዋጠ።

የውብአየሁ ሆድ ጮኸ።