ልብስ ልንለውጥ በገባንበት

ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ ጀርባ በሁለት ረድፍ የቆሙት የድንጋይ ቤቶች የተሠሩት ለባቡር ሠራተኞች ነው። ባቡሩ በሰዓቱ በሚመላለስበት ዘመን መዝጊያዎቻቸው በየዓመቱ አረንጓዴ ይቀቡ ነበር። በኋላ ባቡሩ ሲያሻው በሳምንት፣ ሳያሻው በወር ብቅ ማለት ሲጀምር ቀለሙ ቀረ፤ ቆርቆሮው ዛገ፤ በሀዲዱ መካከል ሣር በቀለ፤ የዕቃ ማራገፊያው መድረክ ተሰንጥቆ በስንጥቁ ውስጥ ግራር አቆጠቆጠ። እኛ ግን የትም አልሄድንም። እኔ ተክሌ፣ የጣቢያው ሹም ሆኜ ጡረታ የገባሁ፣ በመጀመሪያው ረድፍ ጫፍ እኖር ነበር። ከእኔ ቀጥሎ የባቡር ነጂ ባለቤት የነበሩት ወይዘሮ ድንቅነሽ፣ ከማዶ ብረት በያጁ ኦላና ከነልጆቹ፣ ሌሎችም በየቤታችን ነበርን።

አንድ ቀን ዳሲቱ ኩምሳ ወፍራም መጽሐፍ አቅፋ ወደ ቤቴ መጣች። ዳሲቱ ሀዲዱ ከመዘርጋቱ በፊት በዚያው መስክ ያርሱ ከነበሩ ሰዎች የተወለደች ናት፤ እዚያው አቃቂ በሰቃ ባለች አንዲት ፎቶ ቤት ጉርድ ፎቶግራፍና ሠርግ ታነሣለች። መጽሐፉን የተዋሰችው ከተማ ካለ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ጽሑፉ ፈረንሳይኛ በመሆኑ እንዳነብላት ፈለገች። እኔ ፈረንሳይኛ የተማርሁት በአለንጋ ነውና እስከ ዛሬ አልጠፋኝም።

በመጽሐፉ የነበሩት የልዩ ልዩ አገር ፎቶግራፍ አንሺዎች ሥራዎች ናቸው። ጣራው የተነደለ ፋብሪካ፣ ወንበሩ የተገነጣጠለ የቲያትር አዳራሽ፣ በኮሪደሩ ዛፍ የበቀለበት ሆስፒታል፣ ባቡር የቀረበት ጣቢያ። በአንዱም ውስጥ ሰው የለም።

«ጋሽ ተክሌ፣ ይኼ ምን ይላል?»

«‹የከሰሉ ጉድጓድ ሲዘጋ ነዋሪዎቹ ለቀቁ› ይላል።»

«ይኼኛውስ?»

«‹ከጎርፉ በኋላ የተመለሰ የለም።› ሁሉም የሚናገረው ያንኑ ነው፤ ሰዎቹ ሄዱ ነው የሚለው።»

«ግን አያምርም?»

ያምራል። ብርሃን በተሰበረ መስኮት ገብቶ በአቧራ ላይ ሲያርፍ እንደ ሐር ነበር። ያማረውን አላማረም ማለት አልወድምና ይህንኑ ነገርኋት።

«እኔም እንዲህ ላነሣ ነው፤ ጣቢያችንን» አለች። ዓይኗ ከመጽሐፉ አልተነሣም።

በሳምንቱ ቅዳሜ ጧት ካሜራዋንና ባለ ሦስት እግር ማቆሚያውን ተሸክማ መጣችና በግቢው መካከል ተከለችው። እዚህ ላይ ስለ ሰፈራችን አንድ ነገር መናገር ይገባኛል። በእኛ ዘንድ ማንም ሰው እንደ ተገኘ ካሜራ ፊት አይቆምም። ድሮ ፎቶግራፍ አንሺው በበዓል ዋዜማ በባቡር ከከተማ ሲመጣ እናቶቻችን ልጅ አጥበው፣ ቅባት ቀብተው፣ ንጹሕ አልብሰው ነበር የሚያቀርቡን። ሰው በፎቶግራፍ የሚታየው ለማያውቁትና ገና ላልተወለዱት ነው፤ በእነርሱ ፊት በቆሸሸ ልብስ መቆም ነውር ነው። ስለዚህ ወይዘሮ ድንቅነሽ ካሜራውን አይተው «መጣች!» ብለው ሲጮኹ ሁሉም የያዘውን ጥሎ ገባ። እርሳቸው ልብሳቸውን ከገመድ ላይ ሰብስበው ገቡ። ኦላና ብረቱን ገፍቶ፣ ልጆቹን በጆሮ ጎትቶ ገባ። በግቢው የቀሩት ዶሮዎች ብቻ ነበሩ፤ እነርሱንም ዳሲቱ እሽ ብላ አባረረቻቸው።

እኔ ጥቁሩን ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ከረባቴን አስሬ፣ ባርኔጣዬን ደፍቼ ስወጣ ማቆሚያውን እያጠፈች አገኘኋት።

«ጨረስኩ ጋሼ! እግዜር ይስጥልኝ፤ እንዴት ያለ ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ መሰልዎ!»

ወይዘሮ ድንቅነሽ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው ከደጃፋቸው ብቅ አሉ። «ምኑን ነው የጨረስሽው? እኔ ገና አንድ ዓይኔን ነው የተኳልኩት!»

«እትዬ፣ ቤቱን እኮ ነው የማነሣው።»

«ታዲያ በአንድ ዓይኔ ልዋል?»

ግቢው በሳቅ ተሞላ። ኦላናም ውኃ የሚያንጠባጥብ ልጅ በየእጁ ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ዳሲቱ ፎቶግራፎቹን በትልቁ አትማ በፎቶ ቤቱ መስኮት ሰቀለቻቸው፤ በላያቸውም «ሰው አልባ» ብላ በቀይ ቀለም ጻፈች። ሄጄ አየኋቸው። የመጽሐፉን ያህል ያምሩ ነበር፤ የሣሩም፣ የዝገቱም፣ የግራሩም ጥላ ቦታውን ይዟል። በአንደኛው ላይ የራሴ በር ገርበብ ብሎ ይታያል፤ ከውስጥ ጨለማ ነው። በዚያ ጨለማ ውስጥ የሸሚዜን የአንገት ቁልፍ የምፈልግ እኔ ነበርሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንዲህ ነው። መጋዘን ለመሥራት የሚፈልግ አንድ ድርጅት የጣቢያውን ጀርባ ጠየቀ፤ ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው የዳሲቱን ፎቶግራፎች በመስኮቱ አይቶ ቅጂ ጠየቃት። ሥራዋን መሥሪያ ቤት ሲፈልግላት ያ የመጀመሪያው ነበርና ለምን ብላ ሳትጠይቅ፣ በደስታ ሰጠች። እኛ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ስንጠራ ፎቶግራፎቹ በግድግዳው ላይ ተደርድረው ቆዩን።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ፈየራ የሚባል፣ ትሕትና ያለው ወጣት ነበር። «ጥናታችን እንደሚያሳየው» አለ፣ «ቤቶቹ ከተተዉ ቆይተዋል። ስለዚህ ከክረምት በፊት ይፈርሳሉ። ምትክ ቦታ የሚሰጠው ለነዋሪ ነው፤ እዚህ ግን ነዋሪ የለም። አሁን በቤቶቹ ውስጥ የሚገኝ ሰው ቢኖር በኋላ የገባ ነውና ይወጣል።»

ወይዘሮ ድንቅነሽ ተነሡ። «ፈየራ ልጄ፣ ታየኛለህ?»

«አዎ እማማ፣ አይዎታለሁ።»

«እንግዲያው ከየት አምጥተህ ነው ሰው አልባ የምትለን? እኔ ምንድን ነኝ፣ ጅብ?»

«እማማ፣ እርስዎ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ። ፎቶው ላይ ግን የሉም።»

«ልብስ ልለብስ ገብቼ ነዋ!»

ከኮሚቴው ሰዎች መካከል ሳቅ ተሰማ። ፈየራም ፈገግ አለ። «ሁላችሁም? በአንድ ጊዜ?»

«ሁላችንም!» አለ ኦላና ከኋላ። «ልጆቼን እያጠብኩ ነበር። ከፈለግህ ጠይቃቸው፤ ሳሙናው ዓይናቸው ውስጥ ገብቶ ነበር።»

ሳቁ ሲበረታ እኔ ተነሣሁ። «ክቡር ሰብሳቢ፣ ነገሩ ለእናንተ ጨዋታ መስሏችኋል። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ፎቶግራፍ ሊነሣ ሲል ልብሱን የማያስተካክል ሰው ካለ እጁን ያውጣ።» ጠበቅሁ። እጅ ያወጣ አልነበረም። «እናንተስ?» አልሁ ወደ ኮሚቴው ዞሬ። ከእነርሱም አልነበረም።

ፈየራ ሳቁን ዋጠ። «ጋሼ፣ ያሉት ይገባኛል። ኮሚቴው ግን የሚፈርደው በሚታየው ነው። ዳሲቱ፣ ፎቶዎቹ የአንቺ ናቸው?»

«የኔ ናቸው።»

«የተቀነባበረ ነገር አለባቸው?»

ዳሲቱ ተነሥታ «የለባቸውም» አለች፤ ደግማ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ነገር ግን ፈየራ ቀጣዩ ስብሰባ በሳምንቱ እንደሚሆን፣ ያን ቀንም ውሳኔ እንደሚፈረም ተናግሮ ተነሣ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ተከትላኝ መጣች። ወይዘሮ ድንቅነሽና ኦላናም ከእኔ ደጅ ተቀምጠው ነበር። ዳሲቱ አልተቀመጠችም።

«ጋሽ ተክሌ፣ እነዚያ ፎቶ አንሺዎች እንዲያ ስላነሡ ነው እኮ። ባዶነቱ ነው የሚያምረው ብዬ...»

«እነርሱ የመጡት ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ነው» አልኋት። «አንቺ እኛ ሳንሄድ መጣሽ። ጥበቡን አልነቅፍም፤ ሥፍራው ግን ያ ሥፍራ አይደለም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ተመልሰሽ ነይ እንጂ!» አሉ ወይዘሮ ድንቅነሽ። «አሁን ግን ለብሰን፣ ተኳኩለን እንጠብቅሻለን። ጋሽ ተክሌ መካከል ይቆማሉ፤ እኛ ግራና ቀኝ።»

ዳሲቱ ራሷን ነቀነቀች። «አይሆንም እትዬ። ለብሳችሁ ከተሰለፋችሁ ሠርግ ነው የሚመስለው። ከሌላ ሰፈር ተጠርተው መጡ ይሉናል። ማቆሚያዬን በፊት በተከልኩበት ቦታ እተክላለሁ፤ ያው ስንጥቅ፣ ያው ግራር ይታያል። እናንተ ግን እንዳላችሁ ናችሁ።»

«እንዳለን ማለት?»

«እንዳላችሁ። ቤት ውስጥ የሚገባ የለም።»

እኔ በዚያ ግቢ በኖርሁበት ዘመን ሁሉ ያለ ከረባት ከደጄ የወጣሁበትን ቀን ማንም አያውቅም። ጣቢያው ሥራ ሲፈታ፣ ባልደረቦቼ በየቦታው ሲበተኑ፣ ግድግዳው ሲላጥ፣ እኔ ያልተላጥሁት በዚህ ነው።

«እኔ አልነሣም» አልሁ።

«እንግዲያው የእርስዎ ቤት ባዶ ሆኖ ይታያል፣ ጋሼ» አለች ዳሲቱ።

ወይዘሮ ድንቅነሽ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቱ ሰው! ቤቱ ሲፈርስ ከረባቱን በየትኛው ምሰሶ ሊያስሩት ነው?»

ኦላና ሳቁን ለመደበቅ ወደ ሀዲዱ ተመለከተ።

ቅዳሜ ጧት ዳሲቱ መጥታ ማቆሚያውን ተከለች። በዚያ ግቢ ከዚያ የበለጠ ትግል አይቼ አላውቅም። ካሜራውን ሲያይ የሰው እግር ራሱ ወደ በሩ ይሄዳል። ኦላና በተሰነጠቀው መድረክ ላይ የአልጋ ብረት እየበየደ ነበር፤ ጉልበቱ ላይ የተቀደደውን ቱታ በእጁ ሊሸፍን ሞክሮ ተወው። ወይዘሮ ድንቅነሽ እስከ ክርናቸው አረፋ ሆነው ያጥቡ ነበር። «ይኸውላችሁ!» አሉና የውስጥ ልብሳቸውን ከግራሩ እስከ ምሰሶው በተዘረጋው ገመድ ላይ ሰጡት። «ያላያችሁት እንዳይቀር!»

እኔስ? ሰው የማያውቀው አንድ ሥራ ነበረኝ። ቆርቆሮው በየምስማሩ ያፈስሳል። በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ጎረቤት ሳይነሣ ጣራዬ ላይ ወጥቼ ቀዳዳውን በሬንጅ እደፍን ነበር፤ የጣቢያ ሹም ጣራ ላይ ተንፏቅቆ እንዲታይ አልፈልግምና። ያን ጧት መሰላሉን አውጥቼ በግቢው ፊት፣ በጠራ ፀሐይ፣ ከግድግዳው ጋር አስደገፍሁት። በካናቴራና በአሮጌ ሱሪ፣ የሬንጅ ቆርቆሮ ይዤ ወጣሁ።

«ጋሼ፣ ወደ እኔ እንዳያዩ!» ብላ ዳሲቱ ጮኸች። «ሥራዎን ይሥሩ!»

በሕይወቴ ለካሜራ ጀርባዬን የሰጠሁት ያን ቀን ነው። ሬንጁ እጄን እስከ አንጓዬ አጠቆረው፤ ምስማር ከምስማር እየተሻገርሁ ደፈንሁ። እንዳፍር ይጠበቅብኝ ነበር፤ አላፈርሁም። ከዚያ ከፍታ ሀዲዱ ወደ ቃሊቲ ሲሄድ ይታየኛል፣ ከበታቼም ሰፈሬ በሙሉ ደፋ ቀና ይላል። ይህን ነው ባዶ ያሉት ብዬ ተናደድሁ፤ ንዴቴም እጄን አፈጠነው።

በስብሰባው ቀን ዳሲቱ አዲሶቹን ፎቶግራፎች ከአሮጌዎቹ ጎን አንድ ባንድ ለጠፈቻቸው። ያው መድረክ፣ ያው ስንጥቅ፤ በአንዱ ማንም የለበትም፣ በሌላው ኦላና የብየዳ መከላከያ ፊቱ ላይ አድርጎ ብልጭታ ይረጫል። ከዚያም ሳይጠይቋት ተናገረች።

«የመጀመሪያዎቹ አልተቀነባበሩም። ግን እኔ ሰዎቹ እስኪገቡ ጠብቄ ነው ያነሣኋቸው። ሲገቡም ደስ ብሎኝ ነበር። ‹ሰው አልባ› ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ውሸት ነው።»

ፈየራ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደ ብዙ ጊዜ ተመለከተ። ከጣራው ፎቶግራፍ ፊት ቆመ። «ይኼ ማን ነው?»

ጥቁር ልብሴን እንደለበስሁ ተነሣሁ። «እኔ ነኝ።»

አንድ የኮሚቴ አባል ሳቀ፤ የተከተለው አልነበረም። ፈየራ እኔንና ፎቶግራፉን አፈራረቀ። «ጣራ ላይ ምን ይሠራሉ ጋሼ?»

«የምኖርበት ቤት እንዳያፈስ እደፍናለሁ። የተተወ ቤት ጣራ የሚደፍን ሰው አይተው ያውቃሉ?»

ፈየራ ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ ከባልደረቦቹ ጋር ተንሾካሾከ፤ በመጨረሻ ‹ሰው አልባ› የሚለው ቃል ከውሳኔው እንዲሰረዝ፣ ‹ነዋሪዎች ያሉበት› ተብሎ እንዲጻፍ አዘዘ። ወይዘሮ ድንቅነሽ እልል ሊሉ ሲሉ እጁን አነሣ።

«እማማ፣ ይረጋጉ። ይኼ ማለት አይፈርስም ማለት አይደለም።»

«ገብቶናል» አልሁ። «ማፍረስ ከፈለጋችሁ ሰው ያለበትን ቤት እንደምታፈርሱ ጽፋችሁ፣ ከነስማችሁ ፈርሙበት። እኛ እዚሁ ተቀምጠን እንጠብቃለን።»

ተቀመጥሁ። አዳራሹ በሙሉ ተቀመጠ። ፈየራ ብዕሩን አንሥቶ በቀኙ ለተቀመጠው ሰጠ፤ እርሱ በግራ ላለው አሳለፈ፤ ያም ሳይፈርም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ምሳ ሰዓት ደርሶ አለፈ፤ ከእኛ ወገን የተነሣ የለም። በመጨረሻ ስብሰባው ለሌላ ቀን ተዛወረ ተባለ፤ የትኛው ቀን እንደ ሆነ ግን የተናገረ አልነበረም።

ከአዳራሹ ስንወጣ ዳሲቱ ከጎኔ ትሄድ ነበር።

«ፊልም ተርፎሻል?» አልኋት።

«ትንሽ አለኝ።»

«እንግዲያው ነገ ነይ። የኋላው ጣራ ገና አልተደፈነም።»