ለጊዛኒ የተቀባ ኖራ

ጊዛኒ የምንላት ዓሣ ከጣት አትበልጥም። ድመቴ እንኳ አሽትታ ትታት ትሄዳለች። ከኛ ደሴት ከሮድስ በቀር የትም የለችም ይላሉ፤ እኛ ግን ዞር ብለን አይተናት አናውቅም ነበር።

ታዲያ ከባሕሩ ዳርቻ ያለው ሆቴል ውሃችንን በፓምፕ ልሳብ ብሎ ተነሣ። ነሐሴ ነው፣ ጅረቱ ደርቋል። የቀረችው ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ያለች ኩሬ ናት፤ የኔና የባሌ የፓኖርሚቲስ ብርቱካን የሚጠጣው ከሷ ነው። ሕጉ ደግሞ ጊዛኒ ያለችበት ውሃ አይነካም ይላል። ወዲያው መንደሩ በሙሉ የዓሣ ወዳጅ ሆነላችሁ! የመንደሩ ሹም ስቴርጎስ፣ ትናንት «የእንቁራሪት ቀለብ» ሲላት የነበረው፣ ቡና ቤት ተቀምጦ «ጊዛኒዬ» ማለት ጀመረ። አይ ሰው!

ዓሣዋ መኖሯን አይታ የምትፈርም ባለሙያ ሰኞ ከከተማ ትመጣለች ተባለ። እኛ ደግሞ እንግዳም ይምጣ በዓልም ይምጣ የምናውቀው ኖራ መቀባት ነው። ደረጃውን፣ አጥሩን፣ የዛፉን ግንድ፤ ቆሞ የተገኘ ፍየል ቢኖር እሱንም።

«የኩሬዋ ዳር ይቀባ» አለ ስቴርጎስ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዓሣዋን ልትድራት ነው እንዴ?» አልኩት።

«ጻምቢካ፣ አፍሽን ሰብስቢ! እንግዳ ቆሻሻ ድንጋይ ላይ ይቁም?»

ባሌም «እውነቱን ነው፣ ያሳፍራል» ብሎ ባልዲውን አነሣ። እጁን ይዤ ብጎትተው «ልቀቂኝ፣ ሰው ያየናል!» ይለኛል።

እሑድ ቀኑን ሙሉ ድንጋዩን እስከ ውሃው አፍ ድረስ ሲቀቡ ዋሉ። ሲጨርሱ ብሩሽና ባልዲያቸውን አጥበው ገቡ። የት አጠቡት? ኩሬዋ ውስጥ ነዋ! ሌላ ውሃ የት አለና!

ሰኞ ስቴርጎስ ከረባቱን አስሮ ባለሙያዋን እየመራ ወረደ። ኩሬዋ ወተት መስላለች። ዓሦቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል። ሴትዮዋ ተንበርክካ አንዷን በመዳፏ አነሣች።

«ማነው ይሄን ያደረገው?»

ባሌ ኖራ የነካ እጁን ኪሱ ከተተ።

«ለእርስዎ ክብር ብለን ነው፣ እመቤቴ» አለ ስቴርጎስ።

ዓሣ ከሌለ ክልከላ የለም። ሆቴሉ ፓምፑን ተከለ፣ ኩሬዋም ወዲያው ደረቀች። የእንግዶቹን መዋኛ ገንዳ ስም ምን ቢሉት ጥሩ ነው? «ጊዛኒ»! ይሄ አያቃጥልም?

እንደ ልጅ ያሳደግኩት ብርቱካን ቅጠሉ ረግፎ ሲያልቅ አየሁ። ፋሲካ ሲቃረብ ፓኖርሚቲስ ባልዲውን አንጠልጥሎ ሲወጣ በር ላይ ያዝኩት።

«ደግሞ ወዴት ነው?»

«ግንዶቹን ኖራ ልቀባ።»

«ደርቀዋል እኮ፣ አንተ ሰው!»

«ቢደርቁስ? በበዓል ቀን ሰው ምን ይለናል?»

ሄዶ አንድ ሳይቀር ቀባቸው። ከመንገድ ሲያዩት ያምራል።