ቀይዋ

ወንድሜ ዱሬሳ ቀይ ሴሊካ መኪናውን ለመሸጥ የቆረጠው ሰርግ ሲጠፋበት ነው። ሰርግማ አልጠፋም፤ አሶሳ ውስጥ በየሳምንቱ ይደገሳል። የጠፋው የእሱን መኪና የሚፈልግ ሙሽራ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ አልነበረም። በከተማችን ሁለት በር ያላቸው መኪኖች የዱሬሳ ቀይ ሴሊካና የያብስራ ጥቁር ቢኤም ብቻ ነበሩ። የሙሽራ መኪና የማን ይሁን የሚለው ነገር ከድግሱ በላይ ያከራክር ነበር። ጉባ፣ ግድቡ ላይ ሠርተው የሚመለሱ ጎረምሶች አጠገባቸው ቆመው ፎቶ ይነሣሉ፤ አንድ ቀን እንደነሱ ያለ እገዛለሁ የማይል አልነበረም። ዱሬሳና ያብስራ ባምባሲ መንገድ ላይ ሲተላለፉ ጡሩምባ ይነፋፋሉ እንጂ ሰላም አይባባሉም። አንድ ጊዜ የያብስራ መኪና አበባና ሪባን ከታሰረላት በኋላ ሙሽሪት «ቀይዋ ትሁንልኝ» ብላ አስቸገረች። ሪባኑ ተፈትቶ ለእኛ መኪና ታሰረ። በዚያ ሰበብ ሁለቱ አንገት ለአንገት ተያያዙ። ገላጋዮች ሲያላቅቋቸው ዱሬሳ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ከእኔ ቤት ለያብስራ የሚሰጥ ነገር የለም፤ ውሃም ቢሆን!» አለ።

አሁን መኪና የሚገዙት ሌሎች ናቸው። ወርቅ የሚነግዱ ሴቶች፣ በእርዳታ ድርጅት የሚሠሩ ነርሶች፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የሚያደርሱ እናቶች ናቸው። የሚገዙትም ኤሌክትሪክ ነው፤ የነዳጅ ሰልፍ አይጠብቅም፣ ድምፅም የለውም። ሙሽሮችም ቬሎው የማይጨማደድበት ነጭና ሰፊ መኪና ይመርጣሉ። ዱሬሳ መኪናዋን ሊሸጥ ማሰቡን ሲያስወራ ሰምታ ለመግዛት የመጣችው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ የወርቅ ነጋዴዋ ዓፊያ። መኪናዋን ዞራ ዞራ አየቻት።

«ወላሂ ታምራለች። ሌሎቹ በሮቿስ የታሉ?»

«ሁለት በር ናት እኮ፤ ስፖርት ናት» አለ ዱሬሳ።

«አምስት ልጆች አሉኝ። በመስኮት ልወርውራቸው? ስፖርቱንማ እነሱን ሳሯሩጥ እየሠራሁት ነው!»

ስቃ ሄደች፤ ነጭ ኤሌክትሪክ ገዛች። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሙሽራ የምታደርሰው የእሷ መኪና ናት። ዱሬሳ ቀይዋን ግቢያችን ውስጥ አቁሞ ሸራ አለበሳት። ያብስራም የራሱን ለአንድ የመንጌ ሰው ሸጦ በእግሩ መሄድ ጀመረ።

እኔ ያብስራን እወደው ነበር። ሲስቅ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል፤ ያንን እወድ ነበር። ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ከሥራ ስወጣ መንገድ ላይ ካየሁት እስከ ማታ ደስ ይለኛል። አነጋግሬው አላውቅም። የዱሬሳ እህት ነኝ፤ ባልሆን ኖሮም የማነጋግረው አይመስለኝም።

ከቀርከሃ አጥራችን ጀርባ የቡሴ ጋራዥ አለ። አንድ ቀን ከሰዓት ልብስ ሳሰጣ የያብስራን ድምፅ ሰማሁ።

«ቡሴ፣ ያቺ እነ ዱሬሳ ቤት ያለችው ቀይ ከዓይኔ አልጠፋ አለችኝ።»

«እሱ ቆንጆ ነው» አለ ቡሴ።

«አሁን ማንም ዞር ብሎ አያያትም። እኔ ግን ከእሷ ሌላ አልፈልግም። ምን ዋጋ አለው፣ ዱሬሳ እኔን ሲያይ ደሙ ይፈላል።»

«ሽማግሌ ላክ።»

ያብስራ ሳቀ። «የምርህን ነው?»

«ሽማግሌ ከመጣ እምቢ አይልም።»

ሰፈሩ ሁሉ እኔን «ቀዮ» ነው የሚለኝ። የቡሴ የእናት ቋንቋ በርታ ነው፤ በአማርኛ ሲያወራ ወንዱም ሴቱም ዕቃውም ለእሱ «እሱ» ነው። እኔንም ለሰው ሲያስተዋውቀኝ «እሱ ጥሩ ልጅ ነው» ይላል። ያብስራ «ማንም ዞር ብሎ አያያትም» ሲል እንኳ አልከፋኝም። እውነት ነበር። የጨመቅሁትን ቀሚስ ደረቴ ላይ ይዤ ስቆም ውሃው እግሬ ድረስ ወርዶ ነበር።

ለእማዬ ሽማግሌ ሳይመጣ አይቀርም ብቻ አልኳት። ከማን ስትለኝ ስሙን ተናገርኩ። ለዱሬሳ ለመንገር ፈራች፤ ግን በማግስቱ የሳሎኑን መጋረጃ አውርዳ አጠበች።

እሑድ ከቸርች ስንመለስ ጋሽ ደባልቄ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር በር ላይ ቆመው አገኘናቸው። ጋሽ ደባልቄ ከወሎ የመጡ ሰፋሪ ናቸው፤ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሰው ያስቃሉ። ግቡ ሲባሉ ገቡ፤ ተቀመጡ ሲባሉ ግን እምቢ አሉ።

«ጉዳያችንን ሳትሰሙማ አንቀመጥም» አሉ።

እኔ ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሼ፣ ለስላሳ የተደረደረበትን ትሪ ይዤ መጋረጃው ጀርባ ቆሜያለሁ። እማዬ ከጎኔ ናት፤ ክንዴን ጨበጥ አድርጋዋለች።

«ከማን ነው የመጣችሁት?» አለ ዱሬሳ።

«ከያብስራ። ቆይ፣ አትነሣ! የቆየውን ቂም አውርዱና፣ በቤታችሁ ያለችውን ቀይ ቆንጆ ለልጃችን ስጡልን። እንደ ዓይኑ ብሌን ይይዛታል። ዝናብ አያስመታትም፣ ፀሐይ አያስነካትም።»

ወንበር ሲንሸራተት ሰማሁ።

«እህቴን? እኔ ለያብስራ እህቴን?»

ጋሽ ደባልቄ በሳቅ ፈነዱ። «ኧረ ዱሬሳ! የምን እህት አመጣህብኝ? መኪናዋን ነው እንጂ!» ሌሎቹም ተከትለው ሳቁ። አንደኛው፣ «ልጁ እኮ እህት እንዳለህም የሚያውቅ አይመስለኝም!» አለ።

ጠርሙሶቹ ትሪው ላይ ተንኳኩ። እማዬ ክንዴን ለቀቀች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ወደ ጓዳ ልመለስ አስቤ ነበር። ግን ትሪው በእጄ ነው፣ ጠርሙሶቹም ተሰምተዋል። ገባሁ። ለእያንዳንዳቸው አጎንብሼ ሰጠሁ። ጋሽ ደባልቄ ቀሚሴን አዩ፤ አዲስ የታጠበውን መጋረጃ አዩ፤ ሳቃቸው ጠፋ። ጠርሙሱን ሲቀበሉኝ ቀና ብለው አላዩኝም።

ዱሬሳ ተከትሎኝ ጓዳ ገባ።

«አልሰጠውም» አለ። «እዚሁ ትዛግ!»

«ስጠው፣ ዱሬ። እዚህ ቆማ ምን ትሠራለች?»

ትክ ብሎ አየኝ። «ስለ መኪናዋ ነው የምታወሪው?»

«ስለ መኪናዋ ነው።»

ያብስራ በማግስቱ መጣ። ዱሬሳ ቁልፉን ሰጥቶት፣ ተጨባብጠው፣ ቤት ገባና በሩን ዘጋ፤ ስትወጣ ማየት አልቻለም። ያብስራ ሸራውን ገፎ፣ ኮፈኗን በመዳፉ ዳበስ አደረገ። በባምባሲ አድርጎ አዲስ አበባ ሊወስዳት ነው። እዚያ እንዲህ ዓይነት መኪና የሚወዱ ልጆች ገና አሉ፤ እሱም እዚያው ሥራ አግኝቷል፣ አይመለስም።

«አንቺ ነሽ አሉ ያስማማሽን» አለኝ። «እግዜር ይስጥልኝ። ስምሽን ማን ልበል?»

«ቃናኒ።»

«ቃናኒ፣ ከኋላ ታዪልኛለሽ? የግቢው በር ጠባብ ነው።»

መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ቤቱ አድርጋ ስለቆመች ወደ ኋላ ነበር የምትወጣው። እኔ በሩ መካከል ቆምኩ። ሞተሩ ሲነሣ ደረቴ ውስጥ ተሰማኝ። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ እኔን እኔን እያየ ይጠብቃል።

«ና» አልኩት።

ድምፄ አልተሰማውም። እጁን ጆሮው ላይ አደረገ።

«ና!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ና... ና...»

እየተንፏቀቀ መጣ። እኔም ወደ ኋላ እየሄድኩ፣ እጄን ወደ ራሴ እያወዛወዝኩ፣ ና አልኩት፤ ትንሽ ወደ ግራ፣ ና፣ አሁንም ና። ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም። ጎማው ከበሩ ወጥቶ አስፋልቱን እስኪነካ ድረስ ጠራሁት።

ከዚያ «በቃ» አልኩ፤ ቆመ። መሪውን ወደ ባምባሲ መንገድ አዞረ።