«ድነናል» ያለው መንደር

ዶክተር ቼ በየአሥር ቀኑ፣ በገበያ ቀን፣ ተራራውን በመኪና ስትጠማዘዝ ውላ ሄሺጎው መንደር ትደርሳለች። እሷ ከመምጣቷ በፊት ሰውነትን በቀጫጭን መርፌ እየወጉ የሚያድኑበትን የቻይና ባህላዊ ሕክምና የፈለገ የመንደሩ ሰው አራት ሰዓት በአውቶቡስ መንገላታት ነበረበት። ስትሮክ ግማሽ ጎኑን የመታው ሰው ደግሞ አውቶቡስ ላይ ልውጣ ቢል ማን ተሸክሞት!

የሩዪ አባት አያ ሜንግ ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ። ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ እጃቸው ከሞተ ስምንት ወር ሆኖታል። ሩዪ ሼንዘን ከተማ የነበራትን የፋብሪካ ሥራ ጥላ ልታስታምማቸው መጣች። ምላሷ ምላጭ ነው ይሏታል፤ እሷም አታስተባብልም።

ዶክተሯ ለስድስተኛ ጊዜ መጥታ እንደ ፀጉር የቀጠኑትን መርፌዎች ከክርናቸው እስከ መዳፋቸው ስትተክል፣ አውራ ጣታቸው ተነቃነቀ።

«አየሽ? ወጋኝ! ተሰማኝ!»

«እኔ ስምንት ወር ሙሉ ስቆነጥጥህ የት ሄደህ ነበር?» አለች ሩዪ፤ እንባዋን ግን ፊቷን አዙራ ጠረገች።

«ገና ነው አያ ሜንግ» አለች ዶክተሯ። «ዓመት ሳይቋረጥ ከሄድን በመብያ እንጨትዎ ራስዎ ኑድል ይበላሉ። ከተቋረጠ ግን የመጣውም ለውጥ ተመልሶ ይጠፋል።»

በሦስተኛው ወር መጨረሻ ከከተማው ጤና ቢሮ አንድ መነጽራም ጸሐፊ ቅጽ ይዞ አብሯት መጣ። እሷ ከውስጥ በሽተኛ ስትወጋ፣ እሱ ደጅ ላይ ሰዉን አንድ በአንድ ይጠይቅ ጀመር።

«ይሄ የመጣው ሐኪሟን ልጅ ሊመዝናት ነው» ብለው ጉልበታቸውን የሚታከሙት እትዬ ፓን ተንሾካሾኩ። «አልዳንኩም ያለ ሰው እንጀራዋን ይዘጋባታል!»

በሄሺጎው የደከመልህን ሰው በአለቃው ፊት ማሳጣት ከስድብ ይከፋል። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ዞረ።

«ጉልበትዎስ እንዴት ነው?» አለ ጸሐፊው።

«ድኗል! እንደ ፍየል እዘላለሁ!» አሉ እትዬ ፓን፤ ከበርጩማው ሲነሡ ግን ጥርሳቸውን ነከሱ።

ተራው የአያ ሜንግ ሲሆን ዓይናቸውን ቀኝ እጃቸው ላይ ተከሉ። መዋሸት አያውቁበትም። ሩዪ በክርኗ ጎሸም አደረገቻቸው።

«አባ፣ ልጅቷን አታሳፍራት እንጂ!» አለች በጆሯቸው። ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞራ፣ «ድኗል ብለህ ጻፍ! እጁ ወርቅ ሆኗል!»

ጻፈ።

በሚቀጥለው ገበያ መኪናው አልመጣም። በሌላውም አልመጣ። በሦስተኛው ሩዪ አውቶቡስ ተሳፍራ ከተማ ወረደች። ጸሐፊው ማኅደሩን ገለጠላት።

«ሠላሳ አንድ በሽተኛ፣ ሠላሳ አንዱም ድኗል። እንዲህ ያለ የታደለ መንደር አይቼ አላውቅም። መኪናችን አንድ፣ ሐኪማችንም አንዲት ናት። በሽተኛ ወዳለበት፣ ወንዝ ማዶ ላክናት።»

«ዋሽተን ነው!»

«ሠላሳ አንዳችሁም?»

«ልጅቷን እንዳታባርሯት ብለን!»

«ማን ያባርራታል እህቴ? እኔ የመጣሁት የት እንደምትፈለግ ላጣራ ነው።» ጣቱን ወረቀቱ ላይ አኖረ። «ደግሞ የአባትሽን መልስ የሰጠሽው አንቺ ነሽ። ይኸው ስምሽ። የዘንድሮው ተዘግቷል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ማጣሪያ አለ፤ ያኔ እውነቱን ተናገሩ።»

ሩዪ ስሟን አንብባ ወረቀቱን ገፋ አደረገችው። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል።

ቤት ስትደርስ አባቷ በር ላይ ተቀምጠዋል። በግራ እጃቸው ጢማቸውን ሲላጩ ጉንጫቸውን ሁለት ቦታ ቆርጠውታል። ጭናቸው ላይ ለዶክተሯ ያዘጋጁት የዋልነት ለውዝ ከረጢት አለ።

«መንገዱ ተንዶባት ነው አይደል?»

ሩዪ አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ «ድኗል» ያለችው እሷ መሆኗንም ጭምር። አያ ሜንግ ከረጢቱን በግራ እጃቸው ዳሰሱት።

«እንግዲያ አላባረሯትም?»

«አላባረሯትም።»

«ደግ» አሉ አያ ሜንግ። «ወንዝ ማዶ ያለውም እኮ በሽተኛ ነው።»

«ለወንዝ ማዶ ሰው ብዬ አይደለም ሥራዬን የጣልኩት!» ብላ ጮኸች።

አልተቆጧትም። ኑድሉን ቀቅላ አመጣችና ታጎርሳቸው ጀመር። በሦስተኛው ጉርሻ ላይ ቀኝ እጃቸውን አየች። ከረጢቱ ላይ ተዘርግቷል፤ የአንገታቸው ሥር እስኪገተር ድረስ ያን ጊዜ የተነቃነቀውን አውራ ጣታቸውን ሊያነሡ ይታገላሉ። አልተነሣም።

ሩዪ ዓይኗን ወደ ሳህኑ መለሰች። «ጨው አንሶታል?» አለቻቸው።

«ኧረ ይጣፍጣል» አሉ አባቷ።