ይቺን ብቻ

«ያውም ቁርስ እንኳ ሳይቀምስ እኮ ነው የምታስሮጠው!» አለች አንዷ ሴትዮ፣ የጠቀለለችውን ጉርሻ ወደ አፏ እየላከች። ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏታል። ለቅሶ ቤት ውስጥ ግን ከሚጮህ ሰው ይልቅ የሚንሾካሾክ ሰው ነው ጥርት ብሎ የሚሰማው።

ሐዳሳ ከጓዳው በር አጠገብ ፍራሽ ላይ እንደተቀመጠች ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። አባቷ ደረሰ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ዛሬ ማታ ድንኳኑ ይነሳል። ወሬው በመጀመሪያው ቀን ከድንኳኑ ጥግ ጀመረ፤ ዛሬ ሳሎን ገብቶ ቦታ ይዟል። ልቡን የታመመውን ሰውዬ ልጁ በእግር ጉዞ ጨረሰችው ነው የሚሉት። ጨው ከልክላ፣ ቅቤ ከልክላ፣ በባዶ ሆዱ አንከራትታ ገደለችው።

ያስጠላት ወሬው ብቻ አልነበረም፤ የሚወራበት አፍም ጭምር ነው እንጂ። በቅቤ የራሰ የቆጮ ቡርሳሜ ይዞራል፣ ጮማ የበዛበት ጥብስ ይዞራል፣ አገጭ ለአገጭ ቅቤ ይወርዳል። ለሟቹ የተከለከለውን ሁሉ እያላመጡ ሟቹ ለምን እንደሞተ ይመራመራሉ። ከቀብር መልስ ከውሃ በቀር ወደ አፏ ያስገባችው ነገር የለም።

ከሁሉ የከበዳት ግን የእናቷ ዝምታ ነው። ደብሪቱ ፊት ለፊቷ፣ ጥቁር ነጠላዋን እስከ ግንባሯ አውርዳ ተቀምጣለች፤ ከቀብር ወዲህ ለሐዳሳ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ሴቶቹ እየመጡ በጆሮዋ ይነግሯታል፤ እሷም አንገቷን ትነቀንቃለች። ሌላው ሰው ገዳይ ቢላት ሐዳሳ ትችለዋለች። እናቷ ካመነች ግን ይህን ቤት ቤቴ ብላ አትኖርበትም።

ደረሰ አምና ነው መናኸሪያ ካለው የመለዋወጫ ሱቁ ውስጥ ደረቱን ይዞ የወደቀው። አዲስ አበባ ወስደው የጠበበውን የልብ ቧንቧ አስከፈቱለት። ሐኪሙ ሲያሰናብተው «ቧንቧው ተከፍቷል፤ ልብዎ ግን እንደገና ሥራ መልመድ አለበት» አለው። በየቀኑ ቀስ በቀስ መራመድ፣ ጨውና ጮማ መተው፣ ኪኒኑን ደግሞ ተሻለኝ ብሎ አለማቋረጥ።

ሐዳሳ ቢሮ ከመግባቷ በፊት ጠዋት ጠዋት በጉዱማሌ መናፈሻ በኩል ወደ ከተማው ሐይቅ ይዛው ትወጣ ጀመር። የመጀመሪያ ቀን መንገዱን ሳያጋምስ ጠርዙ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። «ልጄ፣ እኔ እኮ ጎማ ተሸክሜ ደረጃ እወጣ የነበርኩ ሰው ነኝ» አላት። እሷም አጠገቡ ተቀመጠችና ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀችው።

ወራት ሲያልፉ ግን ዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ድረስ እያወራ መድረስ ቻለ። «ሞተር ወርዶ ከተሠራ በኋላ መጀመሪያ በዝግታ ነው የሚነዳው» ይላል እንደ ሙያው። ዓሣ አጥማጆቹ የጣሉትን አንጀት የሚሻሙትን አባ ኮዳ አሞራዎች እያየ ደግሞ «እነዚህ የማይበሉት ነገር የለም፤ ግን አንድም ቀን የልብ ሐኪም ጋ ሲሰለፉ አላየኋቸውም» ብሎ ያስቃታል። ፊቱ ወዝ አገኘ። እንቅልፉም ተመለሰ።

ይህ ደግ ሰው አንድ ጉድለት ነበረው፤ እምቢ ማለት አያውቅም። ታሞ ሳለ ጠያቂው ሁሉ ሰሃን ሸፋፍኖ መጣ። ተሻለው ሲባል ጭራሽ ባሰ። ታናሽ ወንድሙ ኩማ ለምስጋና ብሎ ወይፈን ጣለ፤ ዘመድ አዝማዱም እጁን ታጥቦ በደረሰ ፊት ተሰለፈ።

«በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!»

ሁሉም «ይቺን ብቻ» ነው ያለው። የሁሉም «ይቺን ብቻ» ሲደመር ስንት እንደሚሆን ያሰበ የለም። ሐዳሳ መሃል ገብታ «ሐኪሙ ከልክሎታል» ብትል፣ «ሐኪሙ ምኑ ነው? እኛ ነን የምንወደው!» ብለው ገፈተሯት። ደረሰም ማንንም ላለማስቀየም አፉን ከፈተ። በሞቴ ያለው ሁሉ ዛሬ በሕይወት አለ፤ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ይበላል። የዚያን ቀን ኩማ የወንድሙን ትከሻ መታ መታ እያደረገ፣ «ጌታ ፈውሶሃል፤ የዳነ ሰው ደግሞ ኪኒን ይቅማል እንዴ?» አለው። ሰው ሁሉ እልል አለ።

አሁን ያው ኩማ ከድንኳኑ ሰሃን ይዞ ገባ።

«ደብሬ፣ እህል ቅመሺ እንጂ። በሞቴ!»

ደብሪቱ ቀና አላለችም። ኩማ ተነፈሰና ወደ ሐዳሳ ዞረ። «የዚህች ሥራ ነው! የታመመ ልብ ዕረፍት ነው የሚፈልገው። ወንድሜን እንደ ሯጭ በጎህ እየቀሰቀሰች... በይ አንቺ ልጅ፣ ሰው ባለበት ይቅርታ ጠይቂ። እኛም ይቅር እንበልሽና ድንኳኑ በሰላም ይነሳ።»

የሐዳሳ ዓይን ኩማ ከንፈር ላይ ነበር፤ በጮማ ያብረቀርቃል። አባቷ በመጨረሻው ቀን፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ፣ ተረኛዋ ሐኪም መድኃኒቱን እየወሰደ እንደሆነ ስትጠይቀው «ተሽሎኝ ነበርና ተውኩት፤ ኩማም ድነሃል አለኝ» ሲል በጆሮዋ ሰምታለች። ሐኪሟ ስትወጣም «ወንድሜን እንዳትቆጪው፤ ለፍቅር ብሎ ነው» አላት። ይህንን ብትተፋው ይገላግላታል።

ግን ሌላም የምታውቀው አለ። አንድ ቀን ለምሳ ሳይጠብቋት ብትመጣ ቤቱ በቅቤ ሽታ ታውዷል። አባቷ ሰሃኑን በእጁ ከለለ፤ እናቷም «ጨው የሌለው ወጥ የእስረኛ ነው ልጄ፣ አሳዘነኝ» ብላ በዓይኗ ለመነቻት። ዛሬ ኩማን ብትከስ «ቅቤውንስ ማን አበላው?» ማለቱ አይቀርም። ያኔ እናቷ በአንድ ሳምንት ባሏንም ስሟንም ታጣለች። ሐዳሳ የመረራትን ምራቅ ዋጠች።

«ይቅርታ የምጠይቅበት ነገር የለኝም፣ ጋሼ» አለች።

«ወይ ድፍረት!» አለች ያቺ ሴትዮ።

«ኩማ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ለቅሶ የዘጋው፣ የሻከረ የደብሪቱ ድምፅ ነው።

«ወዬ ደብሬ?»

«ኪኒኑን ያስጣልከው አንተ ነህ።»

«እኔ እኮ... እኔ ፈውሱን አምኜ...»

«ቅቤውን ያበላሁት እኔ ነኝ። እሷ ቢሮ ስትሄድ ጠብቄ። ሲከሳብኝ አንጀቴ አልችል ብሎ።» ነጠላዋን ከግንባሯ ገፋ አደረገች። «ይህን ዓመት ያኖረችው እሷ ናት። ያሳጠርነው እኛ ነን። ልጄን ተዋት።»

የሚያላምጥ አፍ ሁሉ ቆመ። ኩማ ሰሃኑን የት እንደሚያደርገው ጠፋው፤ በመጨረሻ ወለሉ ላይ አስቀመጠውና ራሱም አጠገቡ ተቀመጠ።

የጎረቤት ልጅ ቅድስት የእጅ ውሃ ልታስታጥብ ጆግና ሳህን ይዛ በሩ ላይ እንደደረሰች ደርቃ ቀርታለች። ደብሪቱ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። ጆጉንም ሳህኑንም ከልጅቷ እጅ ተቀበለች፤ ፍራሹን ዞራ መጣችና በሐዳሳ ፊት ጎንበስ አለች።

«እማዬ! ምን እያደረግሽ ነው? እኔ ላስታጥብሽ እንጂ!»

«እጅሽን ዘርጊ።»

ሐዳሳ ሁለት እጇን ዘረጋች። ደብሪቱ ጆጉን አዘነበለች፤ ውሃው ግማሹ እጇ ላይ፣ ግማሹ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። እናቷ ጆጉ ባዶ እስኪሆን ማፍሰሷን አላቆመችም።