የወደቀው ማንጎ ሕግ

ጠበቃ ኤቫሪስቶ ፖላንኮ በሠላሳ ዓመት የሶፍትቦል ዘመኑ አንድም ሆምራን መትቶ አያውቅም። ኳሷን በዱላ መትቶ ከአጥር ማዶ ልኮ በሜዳው ማዕዘን ያሉትን መርገጫዎች፣ አራቱንም ቤዝ፣ እየተንጎራደዱ ዞሮ መግባት ለሌላ ሰው የተፈጠረ ደስታ ይመስለው ነበር። ሥጋ ሻጩ መትቷል፣ ጥርስ ነቃዩ መትቷል፣ ቄሱ እንኳ ከቅዳሴ መልስ መትተዋል። እሱ ስልሳ ሦስት ዓመት ሞላው፣ ጉልበቱ አበጠ፤ ሐኪሙም "ከዚህ እሑድ ወዲያ ሜዳ ላይ ባገኝህ ወየውልህ!" አለው። ስለዚህ የቀረችው አንድ እሑድ ብቻ ነበረች።

ምላሱ ግን ምንም አልሆነም። በባኒ ከተማ የአንጋፋዎች ሊግ ውስጥ ከዱላው ይልቅ አፉ የሚፈራ የቡድን አለቃ ቢኖር እሱ ነው። በሜዳው ቀኝ ጫፍ የጎረቤቷ አሮጊት የዶኛ ካሲልዳ የማንጎ ዛፍ ነበረ፤ ማንጎውን የነካ ኳስ፣ የትም ይውደቅ የት፣ ሁለት ቤዝ ብቻ ያስገኛል ይላል የሜዳው ሕግ። አምና አውሎ ነፋስ መጣና ዛፉን ከነሥሩ ነቅሎ ጣለው። ከሦስት ወር በኋላ፣ በዋንጫው ጨዋታ፣ የተቃራኒው ቡድን አለቃ ጎማ ጠጋኙ ራዳሜስ ኳሷን ዛፉ በነበረበት በባዶው አየር አሻግሮ ላካት። ሰዉ በጭፈራ ሲቀውጠው ኤቫሪስቶ ሕጉ የተጻፈበትን ወረቀት ይዞ ወደ ዳኛው ሄደ።

"ነፋሱ የጣለው ዛፉን ነው፣ ሕጉን አይደለም!" አለ አፉን ሞልቶ። "ሕግ የሚሽረው ጉባኤ ነው። ጉባኤ ተቀምጠናል? አልተቀመጥንም። እንግዲያው ማንጎው በሕግ ዓይን ቆሟል!"

ዳኛው ቴልሞ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ከጠበቃ ጋር መጣላት አይፈልግም። ዶኛ ካሲልዳን አስጠርቶ ቅርንጫፎቹ እስከ የት ይደርሱ እንደነበር ጠየቃቸው። አሮጊቷም በምርኩዛቸው ሰማዩን አሳዩ። ሊገባ ጥቂት ሲቀረው እንዲቆም የተደረገው ራዳሜስ ወደ ሁለተኛው ቤዝ ተመለሰ፤ ሁለት ነጥብ የሚያመጣው ምት ባዶውን ቀረ፣ ቡድኑም በአንድ ነጥብ ተሸነፈ። ዓይን ያወጣ ዝርፊያ ነበር። ኤቫሪስቶ ግን ዋንጫውን ቢሮው አስቀምጦ ለመጣ ባለጉዳይ ሁሉ ስለ ሕግ የበላይነት ያስተምርበታል።

የመጨረሻዋ እሑድ ደረሰች፤ ተጋጣሚውም ያው ራዳሜስ ሆነ። በመጨረሻው ዙር ኤቫሪስቶ ዱላውን አነሣ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይሁን ገልጦ እንጃ፣ ሰነዘረ። ኳሷ በቀኝ በኩል ወጣች፣ አጥሩን ዘለለች፣ የዶኛ ካሲልዳ ዶሮዎች መሃል ወደቀች። ወይ ደስታ! ሰውዬው እያነከሰ ሮጠ። ሁለተኛውን ቤዝ እንደረገጠ የቴልሞ እጅ ተነሣ።

"እዚያው ቁም ጠበቃ! ሁለት ቤዝ!"

"ምን? ለምን?"

"ማንጎው ነዋ።"

"የምን ማንጎ? ቴልሞ፣ ጤነኛ ነህ? እስቲ አንድ ቅጠል አሳየኝ!"

ራዳሜስ እጁን ኪሱ ከትቶ ቀረበ። "አበልጄ፣ ጉባኤ ተቀምጠናል እንዴ?"

የኤቫሪስቶ ደም ፈላ። "እሺ ቆሟል እንበል! ኳሷ ከዛፉ በላይ ነው ያለፈችው! ዶኛ ካሲልዳ ይጠሩልኝ!"

አሮጊቷ ከአጥራቸው ሥር ከተቀመጡበት ወንበር አልተነሡም። "ልጄ፣ ያ ያሳየኋችሁ የአምናው ቁመት ነው" አሉ። "ማንጎ ያድጋል። ዘንድሮ ደግሞ ዝናቡ ጥሩ ነበር፤ ትንሽ ቢባል ሁለት ክንድ ጨምሯል።"

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ቢራ የያዘው ቢራው እስኪፈስ ሳቀ። ኤቫሪስቶ ግን ወደ ራዳሜስ ዞረ። "በሞቴ" አለ፣ ድምፁም እንደ ጠበቃ አልነበረም። "ሁለተኛ አልጫወትም። አንዷን ብቻ ስጡኝ።"

ራዳሜስ ሳቁን አቆመ። "በሕጉ መሠረት ሁለት አለቆች ከፈረሙ ጉባኤ ነው፤ አንተው ነህ የጻፍከው። ማንጎውን አሁኑኑ እንሻረው፣ ግን ከወደቀበት ቀን ጀምሮ። ያንተ ሆምራን ይሆናል፣ የአምናውም የእኔ ሆምራን ይሆናል፣ ዋንጫውም ወደ እኛ ይመጣል። ከፈለግህ ፈርም።"

"እንዳትሞክራት!" ብለው ጮኹ የራሱ ተጫዋቾች። "ኤቫሪስቶ! ዋንጫው የሁላችንም ነው፣ ሰማህ?"

ኤቫሪስቶ ሰምቷል። ጓደኞቹን አየ፣ ሦስተኛውን ቤዝ አየ፣ ጉልበቱን ዳሰሰ። ከዚያ የሕጉን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ የቴልሞ ጀርባ ላይ አስደግፎ ፈረመ።

ሮጠ፤ ሩጫ ከተባለ። ሆምራን የመታ ሰው ሲገባ ቡድኑ በሙሉ ወጥቶ በጥፊና በእቅፍ ይቀበለዋል። የኤቫሪስቶ ቡድን ጀርባውን ሰጥቶ ጓንቱን ወደ ሻንጣው ይከት ነበር። ተሰልፈው የጠበቁት የራዳሜስ ሰዎች ናቸው፤ ወገቡን ይዘው ትከሻቸው ላይ ሰቀሉት፣ ስሙንም እየጠሩ ጨፈሩ።

ጠበቃው እዚያ ላይ ሆኖ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ በሕይወቱ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። ወደ ጓደኞቹ እጁን አውለበለበ። ቀና ብሎ ያየው አልነበረም።