መርዶ ለቀዮቹ

ነጋ ከፍራሹ ላይ ሲነሳ ማንም ልብ አላለውም። በሩ ጥግ ከተከመረው ጫማ መሀል የራሱን መፈለግ ሲጀምር ግን ሳሎኑን የሞላው ሹክሹክታ ቀጥ አለ። ሀዘንተኛ ጫማ አይፈልግም። ሀዘንተኛ እንዳስቀመጡት ተቀምጦ ለመጣው ሁሉ አንገቱን ይደፋል።

«ወዴት ነው ደግሞ?» አሉ ጎረቤቲቱ ወይዘሮ ወርቅውሃ፣ የሻይ ትሪ እንደያዙ።

«መርዶ የምነግራቸው ሰዎች አሉ።»

ትሪውን በአንድ እጃቸው ይዘው አማተቡ። «በስመ አብ። ማን ሞተ?»

«ንዋይ ነዋ» አለ ነጋ፣ የግራ ጫማውን እየሳበ።

ወይዘሮ ወርቅውሃ ሰውየው ጨርቁን ሊጥል ነው ብለው የሚይዘው ሰው ፍለጋ ዞር ዞር አሉ። ንዋይ የነጋ ታናሽ ወንድም ነው። ባለፈው ሳምንት ልቡ ቀጥ ብላ፣ ሐሙስ ተቀብሮ፣ ይኸው ቅዳሜ ስቶን ማውንቴን በሚገኘው በገዛ ቤቱ ይለቀስለታል። አትላንታ ውስጥ ያልሰማ ሀበሻ ማን ቀረ?

ሀበሻ አልቀረም። የቀሩት ሌሎች ናቸው። ዛሬ የኮሌጅ ፉትቦል ሲዝን ይከፈታል። ቀይ የሚለብሱት የዚህ ስቴት ልጆች፣ ቀዮቹ፣ ብርቱካናማ ለብሰው ከጎረቤት ስቴት ከሚመጡት ብርቱካኖች ጋር መሀል ከተማ ስታዲየም ይገጥማሉ። ሁለቱ ከቅድመ አያቶቻቸው ጀምሮ ሲናናቁ የኖሩ ባላንጣዎች ናቸው፤ ንዋይ ደግሞ ቀይ ነበር። ቀይ መሆን ብቻ አይደለም፤ ከስታዲየሙ ጀርባ፣ ባቡሩ በሚያልፍበት ድልድይ አጠገብ ባለው ፓርኪንግ፣ መኪናቸውን አቁመው ሥጋ እየጠበሱ የሚጠብቁት ሰዎች ነበሩት። በየዓመቱ። ዛሬም ይጠብቁታል። ስልክ ቁጥራቸው ያለው ሟቹ ስልክ ውስጥ ነው፤ የስልኩን መክፈቻ ቁጥር ደግሞ ንዋይ ይዞት ሄዷል።

ኢሳያስ ከሶፋው ተነሳ። በዚህ ቤት ሀዘንተኛው ፍራሽ ላይ፣ ኢሳያስ ሶፋ ላይ ነው የሚቀመጠው። የሟቹ ሚስት የእታገኝ ታላቅ ወንድም ነው፤ ማስተርስ አለው፣ ዱሉዝ ትልቅ ቤት አለው፣ የቸርች ሽማግሌ ነው። ለቅሶውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚመራው እሱ ነው፤ ማንም ምራ አላለውም። ነጋን በክንዱ ይዞ ወደ ኮሪደሩ ወሰደውና ለሕፃን በሚናገሩበት ድምፅ አስረዳው። ከሰዓት ፓስተሩ ይመጣሉ። ከዳላስ የተነሱ ዘመዶች መንገድ ላይ ናቸው። የሟች ወንድም ኳስ ሜዳ ሄደ ቢባል የማን ስም ነው የሚጠፋው? ደግሞስ ቢራ ለሚጠጡ ሰዎች መርዶ ምናቸው ነው? ስልኩ ሲከፈት ቴክስት ይደረግላቸዋል።

ነጋ አዳመጠው። ኢሳያስን ማዳመጥ ለምዷል። ሐሙስ ዕለት መቃብሩ አፋፍ ላይ ኢሳያስ የንዋይን የሕይወት ታሪክ ሲያነብ እንዲሁ ዝም ብሎ አዳምጦ ነበር፤ ንዋይ ዝምተኛና ረጋ ያለ፣ ትርፍ ጊዜውን በጸሎት የሚያሳልፍ ሰው ነበር ተባለ። ነጋ ለአፍታ ሌላ ሰው ሊቀብሩ ነው እንዴ ብሎ ሳጥኑን አየ። ዝምተኛ? ቅዳሜ ቅዳሜ ሲጮህ ማዶ ያለ ውሻ የሚያስነሳ ሰውዬ? ነጋ ሁለት ቃል ልናገር ብሎ ጠይቆ ነበር። ፕሮግራሙ ሞልቷል ተባለ። በንዋይ ሰርግ ጊዜም ፕሮግራሙ ሞልቶ ነበር። ያኔ ነጋን ያቆሙት ደጅ፣ የእንግዶቹን መኪና እንዲያስተናግድ ነው። ኢሳያስ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ አንተ ልምዱ አለህ ብሎት። ነጋ ኢስት ፖይንት፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ከፓርኪንግ ተሳፋሪ የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዳል። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን አቁሞ ንዋይን ያስተማረው እሱ ነው፤ ይህን ግን የትም ፕሮግራም ላይ አንስቶት አያውቅም።

ይኼኛውን ግን አላለፈውም።

«በቴክስት?» አለ። «አንተ እኛን እንዳረዳኸን?»

ድምፁን ዝቅ አላደረገም፤ ሳሎኑ ሰማ። የኢሳያስ ጆሮ ቀላ።

እናታቸው አገር ቤት ያረፈች ጊዜ ነው። ዘመዶች ተመካክረው፣ ሽማግሌ መርጠው፣ እሁድ ማለዳ ሁለቱንም ወንድማማቾች አንድ ላይ አስቀምጠው ሊያረዷቸው ተዘጋጅተው ነበር። ኢሳያስ ቀድሞ ሰማ፤ ኢሳያስ ደግሞ የሰማውን ሌላ ሰው ቀድሞት እንዲናገር አይወድም። ቅዳሜውኑ በእናቱ ሞት ለወንድማችን ንዋይ መጽናናትን እንመኛለን ብሎ በቸርቹ የቴክስት ግሩፕ ለቀቀው። ንዋይ በመኪናው ሰው እያመላለሰ ነበር የሚኖረው፤ ያኔም ተሳፋሪ ይዞ ሀይዌይ ላይ ነበር። ስልኩ ከፊቱ ተሰክቶ መንገዱን ያሳየዋል። የእናቱ ሞት ከላይ ወርዶ ካርታው ላይ ተቀመጠ።

መኪናውን አላቆመም። ተሳፋሪዋን እቤቷ አደረሰ፣ ሻንጣዋን አወረደ፣ መልካም ቀን ይሁንልሽ አላት። ከዚያ ኢስት ፖይንት ድረስ ነድቶ የነጋ አውቶቡስ ማረፊያ መጣ። ምሳ ገዝቶ ነበር የመጣው። ብላ አለው፤ ነጋ በላ። አግዳሚው ላይ ተቀመጥ አለው፤ ተቀመጠ። ከዚያ እጁን ያዘና ነገረው። ነጋ አልቅሶ አልቅሶ ሲወጣለት ነው ወንድሙን አንተስ እንዴት ሰማህ ብሎ የጠየቀው።

«ሰው እንዲህ አይደረግም፣ ነግዬ» አለው ንዋይ። «ማንም።»

አሁን ኮሪደሩ ላይ ኢሳያስ ያ ነገር ስህተት እንደነበረ፣ ይቅርታም እንደጠየቀበት ተናገረ። የጠየቀው ንዋይን ነው። ነጋን አልጠየቀውም። ከዚያ ወደ በሩ ተጠጋና ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ ጨረሰው። «ሂድ እንግዲህ። ብቻህን ነው የምትሄደው።»

የት እንደሚመታ ያውቃል። መርዶ ለብቻ አይኬድም። አንዱ ቃሉን ይናገራል፣ ሌላው የሚወድቀውን ይደግፋል፤ ወጉ እንዲያ ነው። ነጋ ሳሎኑን አየ። ወንዶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስልካቸው ላይ ሥራ አገኙ። አብረውት ያደጉም፣ ንዋይ በነጻ ኤርፖርት ያመላለሳቸውም። ይሁን ብሎ እጀታውን ያዘ። ብቻውንም ቢሆን ይሄዳል፤ ብቻውን ሆኖ ያልሄደበት ነገር የለም።

«ጋሼ ነጋ፣ ይጠብቁኝ።»

እታገኝ ነበረች። ከፍራሹ ላይ በጉልበቷ ተነስታለች። ከቀብሩ ወዲህ ድምፅ ስታወጣ የሰማት አልነበረም።

ኢሳያስ ዓይኑን አፈጠጠባት። አንቺ ደግሞ የት ነው የምትሄጂው፣ አንቺ እኮ የለቅሶው ባለቤት ነሽ አላት። እሷ ወደ እሱ አልዞረችም።

«ቦታውን አያውቁትም» አለችው ነጋን። «በየዓመቱ የማደርሰው እኔ ነኝ።»

ቸርቹ በሙሉ ንዋይ ኳስ ሜዳ የሚሄደው ከእሷ ተደብቆ ነው ብሎ ነበር የሚያምነው። ስለ ኳስ እብደቱ ሲጸለይም አሜን ስትል ታይታለች። ወይዘሮ ወርቅውሃ ትሪውን መሬት አስቀመጡ፤ ከጫማው ክምር የእታገኝን አወጡ፤ እግሯ ስር ገጥመው አስቀመጡላት።

የምትነዳው እሷ ነበረች። ሀይዌዩ ላይ መኪኖች መስኮታቸው ላይ ቀይና ብርቱካን ባንዲራ ሰክተው ጡሩምባ እያጮሁ ያልፏቸዋል፤ እነሱ መሀል ላይ ከላይ እስከ ታች በጥቁር። እታገኝ እየነዳች፣ ነጋ ሰምቶት የማያውቀውን አጀማመሩን አወራችለት። ንዋይ እዚህ በመጣ ሰሞን እዚያ ፓርኪንግ ተሳፋሪ አድርሶ ሊወጣ ሲል ፖሊስ መንገዱን ዘግቶበት ነበር። ጌሙ እስኪያልቅ መውጫ የለም። መኪናው ውስጥ ሆኖ ሲበሳጭ አንድ ሽማግሌ መስኮቱን አንኳኩቶ፣ የትም አትሄድ፣ ና ተቀመጥ ብሎ ወንበር ሳበለት። ሥጋ ሰጠው፤ ቀይ ኮፍያ አጠለቀለት። ያን ቀን ቤት ሲገባ ስለ ኳሱ ምንም አላወራም አለች። ኳሱ እስከ መጨረሻውም በደንብ የገባው አይመስላትም። ያወራው ስለ ወንበሩ ነበር። አሜሪካ ከመጣሁ ምን ተምረህ መጣህ ሳይል ወንበር የሳበልኝ የመጀመሪያው ሰው ነው አለ። ሀበሻውንም ቆጥሮ ነው።

ነጋ መስኮቱን አወረደ። ዓይኑን ነፋስ እንዲያገኘው።

ድልድዩ አጠገብ ሲደርሱ ጭሱ ቀድሞ ተቀበላቸው። ያ ወንበር የሳበው ሽማግሌ፣ ቨርነን፣ ትከሻው ሰፊ፣ አንድ ጉልበቱ የማይታዘዘው ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ቀይ ለብሷል። አጠገቡ ዴል የሚባለው የእህቱ ባል ብርቱካን ለብሶ ሥጋ ያገላብጣል። ባላንጣነቱ አንድ ቤተሰብ ውስጥ ነበር ያለው፤ ሲሰዳደቡ የኖሩትም እየተጎራረሱ ነው። ቨርነን ነጋን ገና ከሩቅ ሲያየው ሳቀ። ከንዋይ ጋር አፍንጫችሁ አንድ ነው፣ ቅዳሜ ሥራ የማይለቀው ወንድምየው አንተ ነህ አለው። ወንበር ሳበለት። ሳህን እጁ ላይ አስቀመጠለት። እስኪቀምስም ቆሞ ጠበቀው።

ነጋ ቀመሰ። ነገሩ ተገልብጦበታል፤ ተቀማጩ እሱ፣ በሊታው እሱ። መኪና ውስጥ ያጠናው እንግሊዝኛ ጠፋበት።

«ያን ቀይ ወንድምህን ንገረው» አለ ዴል ከምድጃው፣ ጀርባውን እንደሰጠ። «ዘንድሮ አስለቅሰዋለሁ።»

«አይመጣም» አለ ነጋ።

ቨርነን ሥራ ይዞት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ነጋ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የሽማግሌውን እጅ ያዘ። የኤርፖርት እንግሊዝኛው ሻንጣ ከማንሳትና በር ከመክፈት አያልፍም፤ ግን ለዚህ ብዙ ቃል አያስፈልግም ነበር።

«ንዋይ ሞተ» አለው። «ልቡ ናት። ሐሙስ ቀበርነው። ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብዬ መጣሁ።»

የቨርነን እጅ በነጋ እጅ ውስጥ ከበደ። ዴል መገልበጫውን ይዞ ዞረ፤ አፉ ተከፍቷል፤ ያችን ቃሉን መልሶ ሊውጣት የፈለገ ይመስል። ሥጋው ማረር ጀመረ፤ ማንም አላነሳውም። ቨርነን አንዴ መንገዱን፣ አንዴ ነጋን ያያል። በነሱ ወግ ምን እንደሚባል ነጋ አያውቅም፤ ምናልባት እነሱም አላወቁትም።

ያኔ መኪናው አጠገብ ቆማ የነበረችው እታገኝ መጣች። ወንበር ሳቡላት፤ አለፈችው። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ እግሯን አጥፋ፣ የጋለው አስፋልት ላይ ተቀመጠች። እንደ ሀዘንተኛ። ነጋ ሳህኑን አኖረና አጠገቧ ወረደ።

ቨርነን አያቸው። ወንበሩንም አየው። ከዚያ የመኪናውን ጫፍ ጨብጦ፣ እምቢ ያለው ጉልበቱን እያሳመመ፣ ቀስ ብሎ ወርዶ መሬት ተቀመጠ። ዴልም ብርቱካን ኮፍያውን አውልቆ ወረደ። የሚያልፈው ሕዝብ እየጨፈረ ወደ ስታዲየሙ ይጎርፋል፤ አንዳንዱ ቆም ብሎ አይቷቸው ያልፋል። የነጋ ስልክ ኪሱ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ይንቀጥቀጥ።

ስታዲየሙ ባንዴ አገሳ። ጌሙ ተጀመረ። የቨርነን ትኬት ደረት ኪሱ ላይ ጫፉ ይታያል፤ አልነካውም። ከድልድዩ ወዲህ ጥላ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ፀሐይዋ ቀጥታ የእታገኝን ፊት ይዛዋለች። ሽማግሌው ይህን አየና በሁለት እጁ አስፋልቱን ተደግፎ፣ ሰፊ ትከሻውን ቀስ በቀስ ወደ ጎን ፈቀቅ፣ ፈቀቅ እያደረገ ጥላው እሷ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ተንፏቀቀ።